ማሽኑ ሲወድቅ አባዬ መስመር ላይ ነበር

አባቴ የሞተ ዕለት እኔ ንፋስ መውጫ፣ ቢሮ ውስጥ፣ የማተሚያ ቀለም እየቀየርሁ ነበር። ወንድሜ ደውሎ «አባዬ የለም» ሲለኝ እጄ በቀለም ጠቁሯል። ስልኩን ዘጋሁት፤ ቀለሙን ቀይሬ ጨረስሁ፤ እጄን ታጠብሁና ወደ መናኸሪያ ወጣሁ። ያን ጊዜ ምን ተሰማሽ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ምንም አልተሰማኝም። እንደዚያው ሆኜ ሰነበትሁ፤ አሁን የማወራችሁም በዚያ ሰሞን የሆነውን ነው።

ሙሉ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ስማዳ፣ ከወገዳ ወጣ ካለች የገጠር መንደር ነው። ኮምፒውተር ተምሬ ንፋስ መውጫ ሥራ ያዝሁ። መሥሪያ ቤታችን ለገበሬዎች የሚያገለግል የስልክ መስመር ነበረው። ገበሬው በአጭር ቁጥር ይደውላል፤ የተቀዳ ድምፅ ይቀበለዋል፤ ስንዴው ዋግ እንደመታው ወይም በሬው መብላት እንደተወ ተናግሮ ይዘጋል። ባለሙያዎቹ በማግሥቱ መልእክቱን አዳምጠው መልሰው ይደውሉለታል። የእኔ ሥራ መልእክቶቹን የሚቀበለውን ማሽን መጠበቅ ነበር። የተቀዳውም ድምፅ የእኔ ነው፤ ያን ዕለት ቢሮ ውስጥ ጉንፋን ያልያዘው ሰው እኔ ብቻ ስለነበርሁ። «ጤና ይስጥልኝ፤ ከምልክቱ በኋላ ጥያቄዎን ይናገሩ» ነው የምለው፤ ሌላ የለውም።

አባቴ አቶ ፈንቴ ይህን መስመር እንደ ልጁ ያዘው። የእኔ ቁጥር ረጅም ነው፤ አይያዝለትም። አጭሩን ግን በቃሉ አጥንቶታል። ይደውላል፤ ድምፄን ይሰማል፤ ከዚያ ያናግረኛል። ይጠይቀኛል፣ መልሴን ይጠብቃል፣ ሰምቼ መለስሁለት ብሎ ይቀጥላል።

«አባዬ፣ እኔ እኮ አይደለሁም፤ የተቀዳ ነው» እለዋለሁ።

«ድምፁ ያንቺ አይደለም ወይ?»

«የእኔ ነው፤ ግን ስትናገር አልሰማህም።»

«ኋላ ትሰሚው የለ።»

እውነቱን ነው፣ ኋላ እሰማዋለሁ። መልእክቶቹን የሚያዳምጠው የሰብል ባለሙያ አበጀ በየሳምንቱ ያሾፍብኝ ነበር። «ሙሉ፣ አባትሽ ዛሬም የጠየቁት ያንቺን ብርድ ነው። ምን ዓይነት ማዳበሪያ ልዘዝላቸው?» ይለኛል።

ያ ሰሞን የስንዴ አጨዳ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አባዬ ማሳው ጫፍ ካለው ገደል ወደቀ። ከማሳው አጠገብ ያለው መሬት የአያ ጫኔ ነው። አያ ጫኔና አባዬ በወሰን ከተጣሉ ዓመታት አልፈዋል። ሰላምታ የላቸውም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ በምሥራቅ በር ከገባ ሌላው ዞሮ በምዕራብ ይገባ ነበር። አባዬን ወድቆ ሳለ ያገኘው ደግሞ ይኸው ሰው ነው። «በሕይወት አገኘሁት፤ ጋቢዬን አልብሼው ሰው ልጠራ ሮጥሁ፤ ቃሬዛ ይዘን ስንመለስ አልፎ ደረስን» አለ። ሌላ ያየ የለም። ፖሊስ መጥቶ ቃሉን ተቀበለ፣ ቦታውን አየ፣ አዳልጦት የወደቀ ሰው ነው አለና ለቀቀው።

ወንድሜ ምኒችል ይህን አላመነም። ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳል፤ ከአባዬ ጋር የሚያርስ እሱ ነበር። ቃሬዛው ሲደርስ አብሮ ደርሷል፤ ያየውም የጫኔን ጋቢ ነው። ጋቢው እስከ አባዬ አገጭ ድረስ ተስቧል፤ ደም ነክቶታል። «አፍኖበት ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አያ» የምትለዋን ቃል አስቀርቶ ጫኔ ብቻ ይለው ጀመር።

ረቡዕ ቀበርነው። እኔ አላለቀስሁም። ሴቶቹ አንዴ እኔን አንዴ እርስ በርሳቸው ይተያዩ ነበር፤ አንዷማ ጆሮዬ ሥር «ከተማ ሰውን ያደነድናል» አለች። ምኒችልም አላለቀሰም፤ የእሱ ግን ሌላ ነው። ፀጉሩን አልላጭም አለ፤ ለቅሶ ላይም አልቀመጥም አለ። ይህ ደሙን ሳልመልስ ሐዘን አልቀመጥም ማለት መሆኑን በመንደሩ የማያውቅ አልነበረም። የአባዬ የንስሐ አባት ቄስ ሞላ እኔንም እሱንም ከሰው ለይተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥላ ወሰዱን።

«ምኒችል፣ ልጄ፣ ሰልስቱ እስኪወጣ ድረስ ምንም እንዳታደርግ። በንስሐ አባትነቴ ይዤሃለሁ።»

«እሺ አባ። እስከ ሰልስቱ።»

«ከሰልስቱስ ወዲያ?»

«እሱንማ እርስዎም ያውቁታል።»

«ጠመንጃውን አምጣ። እኔ ቤት ይቀመጥ።»

አምጥቶ ሰጣቸው። አልተከራከረም። እሳቸውም እኔም ያልተከራከረበትን ምክንያት እናውቃለን፤ ጠመንጃ ለሚፈልግ ሰው አይጠፋም። ሰልስቱ ዓርብ ነው። ዓርብ አያ ጫኔ ይሞታል፤ ከዚያ ወይ ምኒችል እስር ቤት ይገባል፣ ወይ የጫኔ ልጆች ይገድሉታል። ነገ ሐሙስ መሆኑን እንደማውቅ ያህል ይህንንም አወቅሁት፤ ልቤ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ምኒችል ከኪሱ የአባዬን ስልክ አወጣና ሰጠኝ። ያቺው በቁልፍ የምትሠራ ትንሽ ስልክ ናት፤ መስታወቷ ተሰንጥቋል። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ መጨረሻ የደወለበትን ከፈትሁ። የቢሮዬ መስመር ነው። ሰዓቱን አየሁት፤ አያ ጫኔ ሰው ልጠራ ሮጥሁ ያለበት ሰዓት ነው።

«ደውሎልኛል» አልሁ።

ምኒችል ቀና አለ። «ምን አለሽ?»

«ለእኔ አይደለም። መስመሩ ላይ ነው።»

እዚያው ቆሜ ለአበጀ ደወልሁ። ፈልጎ መልሶ ደወለልኝ። «ሙሉ፣ የማክሰኞ ከሰዓት መልእክት የለም። በዚያ ሰዓት ማሽኑ ወድቆ ነበር፤ ራሱ ነው የተነሣው» አለኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳችሁ። ማሽን ወደቀ የምንለው በድንገት መሥራት ሲያቆም ነው፤ ተነሣ የምንለው እንደ አዲስ ሲጀምር። ገበሬው ሲናገር ድምፁ ወዲያው ዲስክ ላይ አይጻፍም። ዲስኩ አሮጌ ስለሆነ ማሽኑ መጀመሪያ ሚሞሪ በሚሉት ጊዜያዊ ማስታወሻው ውስጥ ይይዘዋል፤ ሰውየው ሲዘጋ ነው ወደ ዲስክ የሚገለብጠው። ማስታወሻው ደግሞ ማሽኑ ወድቆ ሲነሣ ባዶ ይሆናል። አባዬ ሲናገር ማሽኑ ከወደቀ ንግግሩ አብሮ ጠፍቷል ማለት ነው። እንዲህ የሚሆነው ግን በሌላ ማሽን ነው። የእኛው ከወራት ጀምሮ ምክንያቱ ባልታወቀ ነገር ይወድቅ ነበር። ማሽኑን የተከለልን ባለሙያ መላ ፈለገ። የማሽኑን ውስጥ የሚያስተዳድረው ዋናው ፕሮግራም ከርነል ይባላል። እሱ ሲወድቅ ለዚሁ ጉዳይ በጥግ የተቀመጠ ሌላ ትንሽ ከርነል ይነቃል፤ የወደቀው ያስታውሰው የነበረውን አንድ ትልቅ ፋይል አድርጎ ዲስክ ላይ ይጥላል፤ ከዚያ ነው ማሽኑ እንደ አዲስ የሚነሣው። ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው የከርነሉ የራሱ ብቻ ነው፤ የቀረው አያስፈልግም ተብሎ ይተዋል። ባለሙያው ግን «ምክንያቱን እስክናገኝ ምንም አትጣይ፤ ሁሉም ይቀመጥ» ብሎኝ ነበር። አነባበቡንም በስልክ እየመራ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ይህን ለምኒችል በአጭሩ ነገርሁት። ስለ ከርነል ምንም አልጠየቀኝም።

«ድምፁ አለ ነው የምትይኝ?»

«ሊኖር ይችላል።»

«እንግዲያ አብሬሽ እሄዳለሁ። ስሙን ሲጠራው በጆሮዬ መስማት አለብኝ።»

«ባይጠራውስ?»

«ይጠራዋል።»

ከወገዳ በአይሱዙ ተሳፈርን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭንቅላታችን ከጣሪያው እየተጋጨ፣ አቧራ እየዋጥን ሄድን።  ንፋስ መውጫ ስንደርስ መሽቷል። እኔ ቤት ገብተን፣ የነበረውን ቀምሰን ተኛን። እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ። እሱ እንዳልተኛ ጠዋት ከዓይኑ አየሁ።

ሐሙስ ጠዋት አበጀ ቢሮውን ከፍቶ ጠበቀን። «እግዜር ያጥናችሁ» አለ፤ ማሾፍ የለመደ ሰው ስለሆነ ሌላ የሚለው ጠፍቶት እጁን ሲያሻሽ ቆየ። ማሽኑን ከፍቼ የወደቁ ማስታወሻዎች የሚቀመጡበት ቦታ ገባሁ። የማክሰኞው ፋይል አለ። ወደ ላፕቶፔ ገለበጥሁት። ምኒችል ወንበር ስቦ ከጎኔ ተቀመጠ፤ እስክሪኑ ላይ የሚወርዱትን ቁጥሮች ያያል።

«ይኼ ነው አባዬ?»

«እዚህ ውስጥ ነው።»

ችግሩ ይህ ነው። በማስታወሻ ውስጥ ድምፅ እንደ ክር ተዘርግቶ አይቀመጥም። ይቆራረጣል፤ አንዱ ቁራጭ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ቁራጮቹም ባገኙት ክፍት ቦታ ይበታተናሉ። ክሩ የተበጠሰ መቁጠሪያ መሬት ላይ ሲበተን እንደማለት ነው፤ ፍሬው ሁሉ አለ፣ ተራው ግን የለም። ተራውን የሚያውቅ ከርነሉ ነበር፤ እሱ ደግሞ ወድቋል። ቢሆንም የትኛው ፍሬ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ የያዘበት ሰንጠረዥ እዚያው ፋይል ውስጥ አብሮ ቀርቷል። እሱን መፈለግ ነበረብኝ። ከዚያ በፊት ግን ድምፅ መኖሩን ላረጋግጥ ብዬ አንዱን ቁራጭ እንዳገኘሁት አጫወትሁት።

ትንፋሽ ነው። ሌላ ከፈትሁ፤ ነፋስ ነው። ሦስተኛውን ስከፍት «ጫኔ» አለ። የአባዬ ድምፅ ነው፤ አንዲት ቃል ብቻ።

ምኒችል ብድግ አለ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

«በቃኝ።»

«ስሙን ነው ያነሣው። ምን እንዳለ አላወቅንም።»

«ሰው ሲሞት የገደለውን ነው የሚጠራ።»

«ቁጭ በል። አላለቀም።»

«አንቺ ምን ሆነሻል? አባትሽ አይደለም ወይ? አንዲት ዕንባ እንኳ የለሽም?»

«ዕንባ ከፈለግህ መንደሩ ሙሉ እያለቀሰልህ ነው። እኔ ያለኝ ይኼ ነው። ወንበሩን አንሣና ቁጭ በል።»

አበጀ ከበሩ ላይ ሆኖ ያየናል። ምኒችል ወንበሩን አነሣ፤ ተቀመጠ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። እየሠራሁ አንድ ነገር አሰብሁ። አባዬ «ጫኔ ገፈተረኝ» ብሎ ከሆነ፣ ይህን ለወንድሜ የማሰማው እኔ ነኝ፤ ገድሎ የሚሞተውም በእኔ እጅ ነው። አጠፋዋለሁ ወይስ አሰማዋለሁ? ጤነኛ ሰው በዚህ ይጨነቅ ነበር። እኔ ግን የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ የማስብ ያህል አሰብሁትና የመጣውን ሁሉ ይስማ ብዬ ወሰንሁ። ልክ ነበርሁ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ዛሬም አላውቅም።

ሰንጠረዡን አግኝቼ ቁራጮቹን መደርደር እንደጀመርሁ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ አርጅቷል፤ ብዙ አይቆይም። አበጀ ጄኔሬተር ያለበት ፎቶ ኮፒ ቤት ያውቃል፤ ባጃጅ ጠራልን። ምኒችል ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አቅፎ ያዘው። ባጃጁ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ከመቀመጫው ከፍ እያለ ማሽኑን ከመናጥ ያድነው ነበር። ሰው ለመግደል የተዘጋጀ ሰው አይመስልም ነበር።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሞልቷል። መታወቂያ የሚያባዙ፣ ፎቶ የሚነሡ፣ ስልክ የሚሞሉ አሉ፤ ጄኔሬተሩ ደጅ ላይ ይጮኻል። ጥግ ላይ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከሰዓት በኋላ ድርደራው አለቀ። የጆሮ ማዳመጫ አንድ ብቻ ነበር ያለኝ፤ አንዱን ጫፍ እሱ በግራ ጆሮው፣ ሌላውን እኔ በቀኝ ጆሮዬ ከተትን። ከፈትሁት።

«ሙልዬ» አለ አባዬ። «እንደምን ዋልሽ?»

ከዚያ ዝም አለ። መልሴን እየጠበቀ ነው። ትንፋሹ ይሰማል፤ ከባድ ነው፣ እየተቆራረጠ ይመጣል።

«እግዜር ይመስገን። ሥራው ደህና ነው?»

ዝም።

«አለቃሽስ? ያ አበጀስ ደህና ነው? ጉንፋኑ ለቀቀው?»

ዝም። ትንፋሽ። ድንጋይ የተንከባለለ የሚመስል ድምፅ።

«ብርዱስ? ንፋስ መውጫ ብርዱ ጠና አሉ። ወፈር ያለ ነገር ልበሺ።»

ምኒችል ጉልበቱን በቡጢው ይመታ ጀመር። «አባዬ፣ ተናገር እንጂ» አለ በሹክሹክታ። እሱም እኔም ግን አባታችንን እናውቀዋለን። አባዬ ሰላምታ ሳይጨርስ ጉዳይ አያነሣም። ከብት ሰብል ውስጥ ገብቶ ሊነግራችሁ ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ የቤተሰቡን፣ ቀጥሎ የከብቱን፣ ቀጥሎ የሰብሉን ደህንነት ይጠይቃል፤ ከብቱ ሰብሉን እየበላ። አሁንም እግሩ ተሰብሮ፣ ገደል ሥር ተጋድሞ ያው ነው። የምኖርበትን ቤት ጣራ ጠየቀ። አከራዬን ጠየቀ። በየመሐሉ እኔ እስክመልስ እየጠበቀ ጠየቀ። እኔ የማየው እስክሪኑ ላይ የሚያልፈውን ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ያለን ቀረጻ ወደ ማለቂያው እየተጠጋ ነው፣ አባዬ ደግሞ ገና ሰላምታ ላይ ነው።

በመጨረሻ «እኔም ደህና ነኝ» አለ።

«ትንሽ አዳልጦኝ ነው፣ ከጫፉ ላይ። ምንም አይደል፤ አትደንግጪ። ጫኔ ነው ያገኘኝ።»

ዝም አለ። እኔ «ማን?» እንዳልሁት ሁሉ ቀጠለ።

«አዎ፣ ጫኔ። ጋቢውን አልብሶኝ ሰው ሊጠራ ሄደ። ሲሮጥ ብታይው፣ በዚህ ዕድሜው።» ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ረጅም ሳል ነበር። «ጋቢውን ደም አበላሸሁበት። ታጥቦ ይመለስለት። ለምኒችል ንገሪው፣»

እዚህ ላይ አለቀ።

ምኒችል አልተንቀሳቀሰም። ከጎናችን አንዲት ሴትዮ ፎቶዬ ጠቆረብኝ ብላ ትከራከራለች። ጥቂት ቆይቶ «ድገሚው» አለኝ። ደገምሁት። «ድገሚው።» ደገምሁት። በሦስተኛው ዕንባው አገጩ ላይ ደረሰ፤ አልጠረገውም። እኔ ፋይሉን ሌላ ቦታ ገልብጬ በትክክል መከፈቱን አረጋገጥሁ።

«ለምኒችል ንገሪው ያለው ምንድን ነው?»

«አላውቅም።»

«ፈልጊው።»

ፈለግሁ። ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ደግሜ አየሁት፤ የተበታተኑትንም ቁራጮች አንድ በአንድ አዳመጥሁ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ። ከዚያ ቃል በኋላ የአባዬ የሚባል ምንም የለም።

ዓርብ ማለዳ ተሳፍረን መንደር ገባን። ሰልስቱ ተደርጎ ሰው ገና ንፍሮ እየቀመሰ ነበር። ምኒችል ከማንም ጋር ሳይነጋገር ጋቢውን ካስቀመጠበት አውጥቶ ወደ ወንዝ ወረደ። እኔ ቄስ ሞላ ጋ ሄጄ ቅጂውን በስልኬ አሰማኋቸው። እሳቸው ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሲያልቅ «ምኒችል ሰማ?» አሉ። «ሰማ» አልኋቸው። «እንግዲህ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው» አሉ።

ይህን ማንም ለምኒችል አልነገረውም። ከወንዝ ሲመለስ እርጥቡን ጋቢ ክንዱ ላይ አጥፎ፣ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የመጣው። በእኛ አገር የበደለ ሰው ነው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምነው፤ ምኒችል ደግሞ ሰውየውን በቃልም አልነካውም። ግን ለሦስት ቀን በልቡ ሲገድለው ሰንብቷል፤ መንደሩም ይህን ያውቃል። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ሄዱ፤ እኔ ከኋላ።

አያ ጫኔ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ልጆቻቸው ከኋላቸው ተደርድረዋል፤ ሁለቱ ዱላ ይዘዋል። ምኒችል ደጃፉ ላይ ተንበረከከ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አያ ጫኔ።»

«ድንጋዩን አውርድ ልጄ።»

«ይቅር ካላሉኝ አላወርድም።»

«ይቅር ብያለሁ። ለአባትህ ስል አውርድ።»

ራሳቸው ከትከሻው ላይ አነሡለት። ከዚያ ድምፁን አሰማኋቸው። ሰላምታውን ሁሉ ቆመው ሰሙ፤ አባዬ ስለ አከራዬ ሲጠይቅ እንኳ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ስማቸው ሲጠራ እጃቸውን አነሡ። አቆምሁት።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው።»

«መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እንኳ ፊቱን ያዞር ነበር፤ ስሜን ጠርቶት አያውቅም» አሉና በራቸው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ብዙ ሰው ሲያለቅስለት አይቻለሁ፤ እንደ እሳቸው ያለቀሰ ግን የለም። ቆሜ አየኋቸው። ቀናሁባቸው ብል እውነት ነው።

ምኒችል ጋቢውን አቀረበላቸው። «ሙሉ በሙሉ አለቀቀልኝም» አለ። ደሙ የነበረበት ቦታ ሐመር ቀለም ይዞ ቀርቷል። አያ ጫኔ ተቀብለው እርጥቡን እንደሆነ ትከሻቸው ላይ ጣሉት። «ይሁን፤ እንዲህ ይቅር» አሉ።

በዚያው ዕለት ምኒችል ፀጉሩን ተላጨና ለቅሶ ላይ ተቀመጠ። በአንድ ነገር ብቻ እረፍት አላገኘም። አመሻሹ ላይ፣ ሰው ሲሳሳ፣ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ማሽኑ ሲወድቅ አባዬ ጋ ስልኩ ተቋረጠ?»

«አልተቋረጠም። የስልክ ጥሪውን የሚይዘው ሌላ ሣጥን ነው፤ እሱ አልወደቀም። መስመሩን ክፍት አድርጎ ይቆያል።»

«ድምፅ ይሰማል? የመቋረጥ ነገር?»

«ምንም አይሰማም። ጭጭ ነው።»

የአባዬን ስልክ ከእጄ ወስዶ ከፍቶ አየው። ጥሪው የቆየበት ጊዜ ተጽፎበታል፤ እኛ ያዳመጥነው ግማሹን እንኳ አይሞላም።

«እንግዲያ ሲነግርሽ ነበር» አለ። «አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ የምትሰሚ መስሎታል።»

ስልኩን ተቀብዬ ኪሴ ከተትሁት። 

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያ ባለሙያ ደወለልኝ። ያንኑ ፋይል ልኬለት ነበር። ማሽኑን የሚጥለው የዲስኩ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ፤ ደስ ብሎታል፤ «በጣም ጥሩ ማስረጃ ነው የላክሽልኝ» አለኝ። አመሰገንሁት። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ወድቆ አያውቅም።

ይህ ወሬ ከተማው ውስጥ ተሰማና አሁን ሰዎች የተሰበረ ስልክ፣ የተቃጠለ ኮምፒውተር ይዘው ይመጡብኛል። የእናቴ ድምፅ አለበት፣ የልጄ ሥዕል አለበት ይሉኛል። የምችለውን እሠራለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ፤ ለእናንተም ልንገራችሁ። ተቀምጦ የሚገኘው ማሽኑ እስከ ወደቀበት ድረስ ያለው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የተባለውን ያየ ዲስክ የለም፤ አትቆፍሩ። ወንድሜ አልሰማኝም፤ ዛሬም ሲመጣ «እስቲ አንዴ ከፍተሽ እዪልኝ» ይለኛል። እከፍትለታለሁ። አባዬ ያሰበውን ሁሉ እየገመተ ይነግረኛል፤ አንድ ቀን ስለ በሬው ነው ይላል፣ ሌላ ቀን ስለ ወሰኑ። ወሰኑን ከአያ ጫኔ ጋር ተስማምተው ችካል ተክለውበታል፤ የቀረው ግምት ብቻ ነው።

በእኔ ላይ ምን ለወጠ ብትሉኝ፣ ብዙ አልለወጠም። ዕንባው እስካሁን አልመጣም፤ መጠበቁንም ትቻለሁ። አንድ ልማድ ግን ይዣለሁ። ሰው ስልክ ላይ ሲያወራኝ ዝም ብዬ መስማት ትቻለሁ። በየቃሉ መሐል «እህ» እላለሁ፣ «አለሁ» እላለሁ። አበጀ ይስቅብኛል፤ ምኒችልም ሲደውል «በቃ ሰምተሻል፣ አስጨርሽኝ እንጂ» ይለኛል። «አለሁ» እለዋለሁ፤ «ንገረኝ፣ አለሁ።»